የጋሽ አጠይብ ማንጎ

ባለፈው ሳምንት ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ከምሠራበት ክፍል ጀርባ አንድ ሰው የማንጎ ቅርንጫፍ ሲቆርጥ፣ ያ ኮምጠጥ ያለ የትኩስ ሙጫ ሽታ በመስኮቱ ገብቶ እስክሪብቶዬን እንዳስቀምጥ አደረገኝ። ይህ ሽታ በመጣ ቁጥር የሚታየኝ አንድ ቦታ ነው፤ አሶሳ፣ የእኛን ግቢ ከጎረቤታችን ከጋሽ አጠይብ ግቢ የሚለየው የቀርከሃ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ወደ እኛ ያዘነበለው ትልቅ የማንጎ ዛፍ፣ ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጣ እግሯን የምታወዛውዘው ልጃቸው ሀዋ።

ጋሽ አጠይብ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው። በሩ ሰማያዊ በተቀባ ትንሽ ሱቃቸው ውስጥ ጨው፣ ሳሙናና የደረቀ ባሚያ ይሸጡ ነበር። አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ስለሆነ ሴት ልጆች ብንሆንም ሀዋንም እኔንም «አንተ» ነበር የሚሉን፤ እኔ ሰው ፊት መናገር የሚጨንቀኝ ዓይን አፋር ልጅ ስለነበርኩ፣ «ና፣ አንተ ዝምተኛ፣ ከረሜላ ውሰድ» ሲሉኝ ቁመቴ የጨመረ ይመስለኝ ነበር። የእኔ አባት ደግሞ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ከወሎ በሰፈራ መጥቶ፣ እዚያው አድጎ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ፣ መጽሐፍ ከእጁ የማይጠፋ ሰው ነበር።

ክረምት ሲገባና ቀዩ መሬት ጭቃ ሆኖ መውጫ ሲያሳጣን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አባዬ ድምፁን ከዝናቡ በላይ ከፍ አድርጎ ያነብልን ነበር። የሚመርጣቸው ታሪኮች ሁልጊዜ ፍርድና በደል ያለባቸው ነበሩ፤ መሬቱን የተነጠቀ ገበሬ፣ በሐሰት የተከሰሰች የቤት ሠራተኛ፣ ጉቦ የበላ ዳኛ። ታሪኩ ፍርድ ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ዘግቶ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና፣ ሦስት የቀርከሃ ስንጥሮች በጡጫው ይዞ፣ ጫፋቸውን ብቻ እያሳየ ያስመዝዘን ነበር፤ አንዷን ለእማዬ፣ አንዷን ለእኔ፣ አንዷን በአጥሩ ክፍተት ሾልካ ለመጣችው ለሀዋ። አጭሯ የደረሰችው ሰው ለበዳዩ ጠበቃ ሆኖ መናገር አለበት። እሱ ሳይናገር የቀሩት ሁለቱ መፍረድ አይችሉም፣ አባዬም ቀሪውን ገጽ አያነብም።

አጭሯ እኔን ስትደርሰኝ «እኔ እንጃ፣ ርቦት ይሆናል» ብዬ እቀመጥ ነበር። ሀዋ ግን ተነሥታ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ራሱን በዳዩን ሆና ትናገር ነበር። አንድ ጊዜ የከብት ሌባ ደርሷት፣ የሌባውን እናት አሳምማ፣ መንገዱን በጎርፍ ቆርጣ፣ በመጨረሻም በሬው ራሱ በገዛ ፈቃዱ ሌባውን ተከትሎት እንደ ሄደ ነገረችን።

«እንግዲያው መታሰር ያለበት በሬው ነው» አለች እማዬ ሳቋን መያዝ አቅቷት። «ይህቺ ልጅ ጠበቃ የሆነች ቀን የቤቴን በር በሁለት ቁልፍ ነው የምዘጋው። እስር ቤት ውስጥ አንድ ሌባ አታስቀርም።»

«አይዞዎት እትዬ» አለቻት ሀዋ። «ቤትዎን አላሳያቸውም።»

ስድስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ዝናቡ አልፎ፣ ሣሩ ደርቆ፣ በጥር ከከተማው ዙሪያ የሰደድ እሳቱ ጭስ መታየት ሲጀምር፣ ትምህርት ቤታችን ለአጋማሽ ዓመት እረፍት ተዘጋና ሀዋ ከእናቷ ጋር ዘመድ ለመጠየቅ ባምባሲ ሄደች። ብቻዬን ስለቀረሁ እንደ ልማዴ አጥሩን ሾልኬ ዛፉ ላይ ስወጣ፣ ጋሽ አጠይብ ከሱቃቸው ወጥተው «ውረድ! ከዛሬ በኋላ ይህን ዛፍ አትንካ» ብለው ተቆጡኝ። ተቆጥተውኝ አያውቁም ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ የመጥረቢያ ድምፅ ሰምቼ ስወጣ፣ ያ ሁሉ ቅርንጫፍ ወርዶ፣ ከዛፉ የቀረው እስከ ወገቤ የሚደርስ ጉቶ ብቻ ነበር፤ ግቢው ሁሉ ሙጫ ሙጫ ይሸት ነበር።

እራት ላይ አባዬ ስለ ዛፉ ሊነግረኝ ሲጀምር ጥዬው ተነሣሁ። ጋሽ አጠይብንም አልጠየቅኋቸውም። መጠየቅ አፍ ይፈልጋል፤ እኔ የነበረኝ እስክሪብቶ ነው። ልጆች ፍሬውን እንዳይበሉበት ብሎ ዛፉን ስለ ቆረጠ ስስታም ነጋዴ አንድ ታሪክ ጻፍኩ። ስማቸውን አልጠቀስኩም፤ ሰማያዊውን በር ግን ጠቀስኩ፣ የደረቀውን ባሚያም ጠቀስኩ። ትምህርት ሲከፈት ወረቀቱን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ሰጠሁ፣ ራሴ ለማንበብ ስላልደፈርኩም በማግስቱ ጠዋት ሰልፍ ላይ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ በድምፅ ማጉያ አነበበችው።

ተማሪው ስቆ አጨበጨበ። ሰው ለእኔ ሲያጨበጭብ ያ የመጀመሪያዬ ነበርና ደስታዬ ልቤን ሊያቆመው ደረሰ። ከዚያ ተማሪው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሲዞር አየሁ፤ ከኋላዬ ሦስተኛ ሆና፣ በዚያው ጠዋት ወደ ትምህርት የተመለሰችው ሀዋ ቆማለች። አንዱ «የስስታም ልጅ፣ ማንጎ ደብቀሻል?» አላት። ሰልፉ ሲበተን አጠገቤ መጥታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አጭሯን ስንጥር ለማን ሰጠሻት?» ብላኝ አለፈች።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገብቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ልጆች በሰማያዊው በር ፊት «ማንጎ ቆራጭ» እያሉ ሲዘፍኑ ከቤት ሆኜ እሰማ ነበር። አባዬ ወረቀቱን ተቀብሎኝ ሁለት ጊዜ አነበበው። ይገርፈኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «አጻጻፉ ቆንጆ ነው» አለኝ፣ ይህም ከግርፋት የባሰ ሆነብኝ። ከመጽሐፉ መካከል አጭሯን ስንጥር አውጥቶ እጄ ላይ አኖራትና «ሂጂና ጠይቂያቸው» አለኝ።

ሱቁ ስደርስ አፌ አልከፈት ስላለኝ ስንጥሯን ዘረጋሁላቸው። ጋሽ አጠይብ ሀዋ ነግራቸው ኖሮ የስንጥሯን ትርጉም ያውቁ ነበር። ይዘውኝ ወደ ጓሮ ሄደው ከተቆለለው ቅርንጫፍ አንድ ቅጠል በጥሰው፣ ጀርባውን ገልብጠው አሳዩኝ። እንደ ዱቄት የነጣ ነገር ተለጥፎበታል።

«አየህ ይህ ነጭ? ዱቄት አይደለም። ትንንሽ ነፍሳት ነው፣ ዛፉን ይጠጣል። የግብርና ሰው መጣ፣ ቁረጥ አለ። ልብስ ላይ ይይዛል አለ፣ ሰው ሲወጣ ሲወርድ ወደ ሌላ ዛፍ ይሄዳል። ለዚህ ነው ውረድ ያልኩህ።»

ከዚያ በአጥሩ በኩል ወደ ግቢያችን ጠቆሙ፤ አባዬ እኔ ትምህርት በጀመርኩበት ዓመት የተከለው፣ ገና ፍሬ ያልያዘው ማንጎ እዚያ ቆሟል።

«የአንተ ማንጎ ገና ልጅ ነው። የእኔ ትልቅ ሰው ነው። የትኛው ይቆረጥ? ፍረድ እስቲ።»

አለቀስኩ። እሳቸውም «በቃ፣ በቃ፣ ከረሜላ ውሰድ» አሉኝ፣ እኔ ግን ያን ቀን ከረሜላ መውሰድ አልቻልኩም።

ሁለተኛውን ጽሑፍ ራሴ አነበብኩት። ሰልፉ ፊት ቆሜ፣ ድምፅ ማጉያውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ዛፉ ታሞ እንደ ነበር፣ ጸሐፊዋም እኔ እንደ ነበርኩና ሳልጠይቅ እንደ ጻፍኩ ተናገርኩ። ግማሹ አልተሰማም። ያጨበጨቡት ጥቂቶች ናቸው፤ እውነተኛው ታሪክ እንደ ውሸቱ አላሳቃቸውም። ዘፈኑ ከሰማያዊው በር ፊት ቢጠፋም ሀዋን እስከ ዓመቱ መጨረሻ «ማንጎ» ያሏት ልጆች ነበሩ፤ እሷም እኔን ሳታናግረኝ የካቲትና መጋቢት አለፉ፣ ሌላ ሰፈር ማንጎ በስሎ አለቀ።

ግንቦት ላይ ዝናቡ ጀመረ። በመጀመሪያው እሑድ ጋሽ አጠይብ ሀዋን በአጥሩ ክፍተት ገፋ አድርገው፣ «ይኼ ልጅ ቤት ውስጥ ያኮርፋል፣ እናንተ ጋ ያኩርፍ» ብለው ሄዱ። ተቀመጠች፣ ግን አላየችኝም። አባዬ መጽሐፍ አላነሣም። ከኪሱ የእኔን የመጀመሪያ ወረቀት አውጥቶ፣ እንደ ማንኛውም ታሪክ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበና «ተከሳሿ ጸሐፊዋ ናት» አለን። እኔን አላስመዘዘኝም፤ ሁለት ስንጥር ብቻ ያዘ። አጭሯ የደረሰችው ሀዋን ነበር።

ስንጥሯን በጣቶቿ መካከል አሽከረከረቻት። እኔ የማውቀው ነገር ቢኖር ዝም ብላ ብትቀመጥ፣ እኔ ለአባቷ እንዳልተናገርኩት እሷም ለእኔ ባትናገር፣ ጓደኝነታችን እዚያ እንደሚያበቃ ነው። በመጨረሻ ተነሥታ ሻሿን አስተካከለች።

«ያን ሳምንት ብቻዋን ነበረች» አለች። «ዛፉን ትወደው ነበር። እኔ ባምባሲ ባልሄድ ኖሮ መጀመሪያ እኔን ትጠይቀኝ ነበር።» «ለዚህ ሥራዋ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቦርሳዬን ትሸከም» ብላ ጨመረች።

«ጠበቃ ነሽ ወይስ ዳኛ?» አለቻት እማዬ።

ቦርሳውን ተሸከምኩ፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተሸከምኩት ነገር የለም።

ዛሬ ሰማያዊውን በር ከፍታ የምትዘጋው ሀዋ ናት። ጉቶው አቆጥቁጦ ሱቁን የሚያጠላ ዛፍ ሆኗል፤ የእኛም ማንጎ ፍሬ ይሰጣል። የአባዬ ዓይን ስለደከመ አሁን እሑድ እሑድ የማነብለት እኔ ነኝ፤ ፍርድ ላይ ስንደርስ ግን ዛሬም እጁን ገጹ ላይ ያስቀምጥብኛል። የጾሬው ሥራዬ የሰዎችን ቅሬታ መጻፍ ነው፤ በውኃ ተራ የተጣሉ፣ ዶሮ የጠፋባቸው፣ አጥር የተገፋባቸው ሰዎች ፊቴ ተቀምጠው ሲናገሩ እጽፋለሁ፣ ከመፈረማቸው በፊትም ያልመጣውን ሰው ሄጄ እጠይቃለሁ። ሥራው ስለሚዘገይ የሚያጉረመርሙብኝ አሉ።

ያኔ የሙጫው ሽታ ሲመጣ የሮጥኩት ወረቀት ፍለጋ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁና፣ አሁንም ሰው ለማናገር ትንሽ እየጨነቀኝ፣ «ለምንድን ነው የሚቆርጡት?» ብዬ ሰውየውን ጠየቅኩት።