የእማዬ እጅና የወንድሜ ቁልፎች

ወንድሜን ቤታችን ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ነገ» ነው የምንለው። የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራል፤ መቼ ያልቃል ሲሉት መልሱ አንድ ነው። አምፖል ቀይር ቢባል ነገ፣ ፀጉርህን ተቆረጥ ቢባል ነገ። እጮኛው የሠርጉን ቀን ያስቆረጠችው ዘመድ ፊት አስቀምጣ ነው፤ ብቻዋን ብትጠይቀው ኖሮ ዛሬም ነገ ነበር።

እናታችን ላውንደሪ ቤት ባንኮኒ ላይ ተቀባይ ናት። ልብስ ትረከባለች፣ ቁጥር ትለጥፋለች፣ ሲያልቅ ታስረክባለች። ሥራዋ ይህ ይባል እንጂ ደንበኛው ኮቱን ሊያስረክብ ገብቶ የልቡን አስረክቦ ነው የሚወጣው። ማን ልጁን እንደዳረ፣ ማን ከአለቃው እንደተጣላ እማዬ ጋ ሳይደርስ አይቀርም።

ታዲያ የላውንደሪው ባለቤት በጣት የሚነካ ስክሪን ገዛና መዝገቡ ሁሉ በእሱ ይሁን አለ። በስክሪኑ መሥራት ያቃተው ወደ ጓዳ፣ ካውያ ቤት ይዛወራል። ካውያ ቤት እንፋሎት እንጂ ወሬ የለም። እማዬ ይህን ስትሰማ ራት አልበላችም።

ፕሮግራሙን እንዲሠራ የተቀጠረው ደግሞ የእኛው «ነገ» ነው። በስክሪኑ ላይ የሚጫኑትን ቁልፎች፣ የስም ዝርዝሩን፣ የመጻፊያ ሳጥኑን አንድ በአንድ ሲሠራ የሚከርም መስሎኝ ነበር። ለካ ተሠርተው የተቀመጡ ናቸው፤ ማንም በነጻ ወስዶ እንደፈለገ ያገጣጥማቸዋል።

«ማነው እንዲህ ዓይነቱ ቸር?» አልኩት።

«አንድ ሰው አይደለም። አንዱ ቁልፉን ሠራ፣ ሌላው ዝርዝሩን። ውስጡ ክፍት ስለሆነ የጎደለውን ያየ ሰው ሞልቶ ይመልሳል።»

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ በለኛ።»

«እሱን ነው» አለ፤ በእኔ አፍ በማማሩ ትንሽ ቅር እያለው።

ስክሪኑ ባንኮኒው ላይ ተተከለ። ሌላዋ ተቀባይ ወዲያው ለመደችው። እማዬ ግን ትጫናለች፣ ምንም የለም። ደግማ ትጫናለች፣ ዝርዝሩ ሽው ብሎ ወደ ላይ ይሄድባታል። ደንበኞች ተሰልፈው ይተክዛሉ። ባለቤቱ ከኋላ መጥቶ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። «እናቴ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እንይና...» ብሎ ነገሩን ሳይጨርስ ይሄዳል። የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

አንድ ቀን የወንድሜ ትዕግሥት አለቀ። «እማዬ፣ ነካ አድርገሽ ልቀቂው! በቃ ይኸው ነው!»

«ነካሁት እኮ ልጄ! ማሽንህ ሰው ይመርጣል።»

አጠገባቸው ቆሜ ነበርና በሰው ፊት ስለጮኸባት በጣም ተናደድኩበት። እሱ ግን ሊያሳያት ከኋላዋ ቆሞ እጁን በእጇ ላይ አደረገ። እንዳደረገም ክው ብሎ ቀረ።

እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እንግዳ ሲመጣ ሻይ መቅዳት ለምን እንደተወች፣ ሁልጊዜ የሰው ኮት ጥብቅ አድርጋ ይዛ ለምን እንደምታወራ ያን ጊዜ ገባኝ። እማዬ እጇን መንጭቃ ባንኮኒው ሥር ከተተችው።

«ድካም ነው» አለች።

«እሺ እማዬ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣቷ ቁልፉ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይንሸራተታል፤ ያኔ ቁልፉ ሴትዮዋ ሐሳቧን ቀይራለች ብሎ ዝም ይላል። ወንድሜ ቁልፎቹን ቢያተልቃቸውም አልሆነም። ስለዚህ ያን የሰው ሁሉ ሥራ የሆነ ዕቃ ውስጡን ከፍቶ ገባበትና የሚንቀጠቀጥ ጣት እንዲታገሥ አደረገው። በሕይወቱ «ነገ» ያላለበት ሥራ ያ ብቻ ነው።

እማዬ ተጫነች፤ የኮቱ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ወጣ። አላመነችም፣ ደጋገመችው። በዚያ ቀን በመዝገቡ ላይ አንዱን ኮት ሦስት ጊዜ ተረክባለች። ባለቤቱም ሳቀ፤ ስለ ካውያ ቤቱ ሁለተኛ አላነሣም።

ወንድሜ በዚህ አልተወውም። ያስተካከለውን ያን በነጻ የሚወሰድ ዕቃ ለሚንከባከቡት ሰዎች ላከላቸው። «ይህ ማንን ይጠቅማል?» ብለው ጠየቁት። «እናቴን» ብሎ መለሰ። አስተካክል እያሉ ካመላለሱት በኋላ ተቀበሉት፤ ሁሉም የሚወስደው ዕቃ ውስጥ ገባ። ኮራሁበት፤ ፊት ለፊት ግን አልነገርኩትም፤ ይቀብጣል።

በአንድ የእረፍት ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ ስልኩን አውጥቶ አነበበልን። ከሩቅ አገር የማያውቃት ሴት ናት የጻፈችለት። አባቷ መድኃኒት ቤት ይሠራሉ፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሥራውን ሊተዉ ነበር፤ ወንድሜ ያስተካከለው በሥራ ቦታቸው ስክሪን ላይ ሲገባ ግን ቁልፎቹ ታዘዙላቸው። ታመሰግናለች።

እማዬ ዳቦዋን አስቀመጠች። «ሰውየው ስንት ዓመታቸው ነው?»

«አላለችም።»

«ደንበኛ ፊት ነው የሚቆሙት?»

«ይመስለኛል።»

ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ሁለቱንም እጆቿን አውጥታ ፊታችን ዘረጋቻቸው፤ እንደልባቸው ይንቀጠቀጡ ነበር። ከ«ድካም ነው» በቀር ስለ እጇ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም።

«ለልጅቷ ጻፍላት» አለች። «አባትሽ እጃቸውን አይደብቁ በላት።»

«እሺ፣ ነገ እጽፍላታለሁ።»

«ዛሬ» አለችው እማዬ።

ሻዩ እየቀዘቀዘበት ጻፈ።