ቦራ የረገጠው ሜዳ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ጫፉ የጎበጠ ማረሻ ይዞ መጣና ደጃፌ ላይ ጣለው። «እምዬ፣ ቀበሌ የሰጠኝ መሬት አይደለም፤ ሲሚንቶ ነው» አለኝ። ብረቱ ላይ የተጣበቀውን አፈር አሸተትኩት። ለየሁት።

ለእሱ የደረሰው፣ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ያለው ያ ሜዳ፣ ልጅ እያለሁ የመንደራችን የገብስ ማሳ ነበር። ጦርነቱ ሲበረታ ወታደሮች መጥተው ለአውሮፕላን ማረፊያ ገመድ ወጠሩበት። መጀመሪያ አንድ ጠባብ መስመር ብቻ ነበር፤ ግራና ቀኙን ኖራ የተቀባ ድንጋይ ደረደሩበት። ቆይቶ ለአውሮፕላን አነሰ ተባለና የጎረቤት ማሳም ገባበት። ከዚያ ድንኳኑ፣ የነዳጁ በርሜል፣ ምሽጉ ተከተለ። እኛ ልጆች ከነጩ ድንጋይ ወደ ነጩ ድንጋይ እየዘለልን እንጫወት ነበር፤ ማታ እጃችን ኖራ ኖራ ይሸታል።

መሬቱን የሚጠቀጥቅ መኪና ስላልነበረ እንደ አውድማ በከብት ይረገጥ ተባለ፤ ከየቤቱ አንድ በሬ። ዓመቱ የድርቅ ነበር። አባቴ ሞቷል፤ እናቴ ያላት ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው ቦራ ብቻ ነበር። የምናርሰው እንደ እኛው አንድ በሬ ካለው ከጎረቤታችን ከአያ ኪሮስ ጋር እያቀናጀን ነበር። አንዱ በሬ ቢወድቅ ሁለት ቤት ጦሙን ያድራል።

እናቴ መቀነቷን አጥብቃ ወታደሮቹን በሚያዝዘው መቶ አለቃ ፊት ቆመች። «ጌታዬ፣ ስድስት ካለውም አንድ፣ አንድ ካለውም አንድ። ይሄ እኩል ነው?» ባለ ስድስቱ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበራችን ነበር፤ ገላመጣት። መቶ አለቃው ግን ቆጣ እንኳ አላለም፤ አውሮፕላኑ ሲያርፍ እህል ይመጣል፣ ታገሺ አላት። አመነችው።

ቦራን የምነዳው እኔ ነበርኩ። በውቂያ ጊዜ የበሬ አፍ አይታሰርም፤ ከእግሩ ስር እየቀማ ይበላል። ቦራም ያንን ለምዶ በየዙሩ አንገቱን ዝቅ ያደርግ ነበር። የሚያገኘው አቧራ ነው። አንድ ቀን በቀትር እንደዚያው ዝቅ እንዳለ ተንበረከከ፤ አልተነሳም።

አውሮፕላኑ ሲመጣ ሴቶቹ ባዶ ስልቻቸውን ይዘው በነጩ ድንጋይ ዳር ተሰለፉ። የወረደው የጥይት ሣጥን ነው። የተጫነው ቁስለኛ ነው። አውሮፕላኑ ተነስቶ እስኪጠፋ እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ስልቻዋን አጣጥፋ ብብቷ ስር አደረገችው።

አያ ኪሮስ ሲመጣ ሊወቅሰን መስሎኝ ከበሩ ኋላ ተደበቅሁ። ዶማ ነበር የተሸከመው። «የእኔም በሬ ብቻውን ቀረ፤ አንቺም ብቻሽን ነሽ። እንቆፍር» አላት። ቆፈርን። ታናሽ እህቴ ግን እሸቱን ሳታይ ሞተች።

የዛሬ ልጆች የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰሙ ስልቻ ይዘው አይሮጡም፤ የሚደበቁበት ጥላ ነው የሚፈልጉት። ሌላው ብዙም አልተለወጠም። ለስላሳው መሬት ጥማድ ላላቸው ደረሰ፤ ያ ድርቅ ያለው ሜዳ አንድ በሬ ላለው ለእኔ የልጅ ልጅ። ነገ ቀበሌ ሄጄ የእናቴን ጥያቄ እጠይቃለሁ።

ለልጁ ግን ማረሻውን አንስቼ ሰጠሁት። ቀስ ብለህ እረሰው አልኩት፤ የረገጠው ቦራ ነው።