ዓይኔን መልሼ የገዛሁበት ገበያ

ባለፈው ሳምንት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ወጣት ሴቶች ተቀምጠው ነበር። አንደኛዋ የጓደኛዋን የልብስ ሱቅ በስልኳ እየቀረጸች ታስተዋውቃለች፤ ከወሬያቸው እንደተረዳሁት ሱቁ በእሷ ቪዲዮ ገዢ በገዢ ሆኗል። «ታዲያ ምን ሰጠችሽ?» አለቻት ሁለተኛዋ። ልጅቱ እንደመደንገጥ ብላ፣ «ኧረ ጓደኛዬ ናት! ከጓደኛ እንዴት ብር ይጠየቃል?» አለች። በሰው ወሬ ጣልቃ መግባት ነውር ስለሆነ ዝም አልኩ። ግን ያችን «እንዴት ይጠየቃል» አውቃታለሁ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ በእኔም አፍ ውስጥ ነበረች።

አባቴ ያወረሰኝ ሰፊ መሬት የለም። ያወረሰኝ በሬ ማወቅን ነው። ጥርስ ገልጦ ዕድሜ መገመትማ ማንም ይችላል። አባቴ ያስተማረኝ ሌላ ነው፤ ለገበያ ሲባል ጨው ልሶ ውኃ የተነፋውን ከጠገበው መለየት፣ ጫንቃው ላይ ቀንበር ያረፈበትን ቦታ በእጅ ዳብሶ ስንት ክረምት እንዳረሰ ማወቅ፣ ሲራመድ ኮቴውን ማዳመጥ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ እኔ ራሴ የነበረኝ አንድ በሬ ብቻ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነበር የማርሰው፤ አንድ ቀን የእሱን ማሳ፣ አንድ ቀን የእኔን። ዝናብ ጥሩ በሆነ ቀን ሁልጊዜ ተራው የእሱ ይሆን ነበር፤ ወይም ለእኔ እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

አለኸኝ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት፤ ያለሁለት ግን እኔ ነበርኩ። የከብት ንግድ ሲጀምር ከበሬ የሚያውቀው ሥጋውን ብቻ ነበር። «ስሜነህ፣ ወንድሜ፣ ና እስቲ አንድ ጊዜ እይልኝ» አለኝ። አየሁለት። አንዱ ጊዜ ሁለት ዓመት ሆነ። በገበያ ቀን ጎሕ ሲቀድ ተነስተን አቧራውን እየረገጥን ቡሬ እንገባለን፤ በርበሬ የሚሰጣበት ጓሮ ሽታው ገና ከከተማው ዳር ያስነጥሳል። እኔ በከብቱ መሀል እየዞርኩ በዓይኔ እጠቅሳለሁ፤ እሱ ይከራከራል፣ ይገዛል፤ በሳምንቱ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወስዶ ይሸጣል። ለእኔ ድርሻዬ አንድ ሰሐን ዱለትና የዳጉሳ ጠላ ነበር። ዱለቱን ሲያጎርሰኝ የገበያው ሰው ሁሉ እንዲያይ አድርጎ ነበር የሚያጎርሰኝ። እኔ ሞኙም ፍቅር ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሚያዝያ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ሁሉም ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ጊዜ፣ ግንባሩ ነጭ የሆነ ወጣት ቦራ በሬ አገኘሁለት። ሻጩ ቸኩሎ ስለነበር በርካሽ ገዛው። መንገድ ላይ በሬው ከፊታችን ሲሄድ ኮቴውን እያዳመጥኩ ልቤ ተሰረቀ። በቆሎዬን ሸጬ፣ ሁለት በጎች ጨምሬ ለበሬ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነበረኝ።

«አለኸኝ፣ ይሄን ለእኔ ተውልኝ» አልኩት። «በገዛህበት ልውሰደው።»

ሳቀ። ትከሻዬን አቀፈኝ። «ስሜነህ፣ ከዘመድ ጋር ብላ ጠጣ እንጂ አትገበያይ ይባላል። ጓደኝነት ሌላ፣ ንግድ ሌላ። የፍኖተ ሰላምን ዋጋ ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ።»

«የመረጥኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«ዓይኑን የሰጠህ እግዜር ነው። እኔ ልክፈልበት እንዴ?»

ገዛሁት። እሱ ባለው ዋጋ፣ ትርፉን ጨምሬ፣ የእናቴን የቅቤ ገንዘብ ሳይቀር ለምኜ ገዛሁት። የገዛ ዓይኔን መልሼ ገዛሁት ማለት ነው። በሬውን እየነዳሁ ስሄድ የናቅሁት አለኸኝን ነበር። እሱን መናቅ ደስ የሚል ነገር ነበረው፤ ሰው ራሱን ከመጠየቅ ያሳርፈዋል።

በሦስተኛው ሳምንት ምንም እንዳልሆነ ሁሉ መጥቶ «ና እንውጣ» አለኝ። ሄድኩ። ቡሬ ገበያ ላይ አንድ ጥቁር፣ ጠጉሩ እንደተቀባ የሚያበራ ግዙፍ በሬ ቆሟል። ሻጩ ከኋላው አልነቃነቅ ብሎ ስለቆመ ዞሬ አየሁ። ጭራው ሁለት ቦታ ላይ ተጣሟል፤ የተጠመዘዘ፣ በጥርስ ሳይቀር የተነከሰ ጭራ ነው። ትልም መሀል የሚተኛን በሬ ለማስነሳት ገበሬ ሲጨንቀው የሚያደርገውን ሁሉ ያ ጭራ አይቷል።

«እንዴት ነው?» አለኝ አለኸኝ፣ ዓይኑን ከበሬው ሳይነቅል።

«ብሩ ያንተ፣ ምርጫው ያንተ» አልኩት።

ያኮረፍኩ መስሎት ሳቀና ገዛው። ውስጤ እንደ ማር ጣፈጠኝ። ያን ቀን ዱለቱን እስከዛሬ በልቼው በማላውቀው አምሮት በላሁ።

ሰኔ ገባ። ለቅሶ ልደርስ ወደ ማንኩሳ ስሄድ ከመንገዱ በታች ማሳ ላይ አንድ ሽማግሌ ትልሙ ውስጥ ቁጭ ብለው አየሁ። አጠገባቸው ያ ጥቁር በሬ ከነቀንበሩ ተኝቷል። አብሮት የተጠመደው በሬ ቆሞ አንገቱን ቀንበሩ እየጎተተው ይቃትታል። ሽማግሌው አልመቱትም፤ ጅራፋቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። አያ ቢተው ይባላሉ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንድ በሬያቸው ከፋሲካ በፊት ስለሞተባቸው ላማቸውን ከነጥጃዋ ሸጠው ነበር ይህን የገዙት።

«አያ፣ ከማን ገዙት?» አልኳቸው፤ ከማን እንደሆነ እያወቅሁ።

«ከአለኸኝ። እሱም ‹እኔስ በሬ አላውቅም፣ ግን ስሜነህ የሚባል በሬ የሚያውቅ ጓደኛ አለኝ፣ የእሱ ምርጫ ነው› ብሎ ማለልኝ። ስምህን ማን ልበል?»

ዓይኔን ብቻ ሳይሆን ስሜንም ሸጦታል። ስሜን ደግሞ ከበሬው በላይ አምነውት ነበር። ጭቃው ላይ ከፊታቸው ቁጭ አልኩ።

«ስሜነህ እኔ ነኝ» አልኩ። «ጭራውን አይቼ ነበር። ከእሱ ጋር ተቀያይሜ ዝም አልኩ።»

«እናንተ ተጣላችሁ፣ ጠባችሁ በእኔ ማሳ ታረሰ» አሉ። ቢሰድቡኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

ለቅሶውን ትቼ በቀጥታ አለኸኝ ዘንድ ሄድኩ። «በሬውን ውሰድ፣ የሽማግሌውን ገንዘብ መልስ» አልኩት።

«ገበያ ላይ የተሸጠ ዕቃ ነው» አለ፤ በእርጋታ፣ ቆሎ እየጠረጠረ። «ደግሞ አብረኸኝ ነበርክ። ልከሰስ ከሆነ አብረን ነን።»

በትርፉ ቀን ጓደኛ ነበርኩ፤ በክሱ ቀን ሸሪክ ሆንኩ። «ከእንግዲህ ዓይኔን ከፈለግህ ዋጋ አለው» አልኩት። ቀና ብሎ፣ ከልቡ ያዘነ መስሎ፣ «በብር የምትለካኝ ከሆነ ድሮም ጓደኛዬ አልነበርክም» አለኝ።

«አልነበርኩም፤ አህያህ ነበርኩ። አህያ እንኳ ጭነቷን ስታራግፍ ገለባ ይቀርብላታል።»

በማግስቱ ቦራዬን ነድቼ ማንኩሳ ወረድኩ። ከአያ ቢተው ደህናው በሬ ጋር አጣምሬ በቅድሚያ የእሳቸውን ማሳ፣ ቀጥሎ የእኔን አረስኩ። የእኔ ዘር ዘገየ፤ ያን ዓመት በቆሎዬ እንደ ልጅ ፀጉር የሳሳ ነበር። ጥቁሩ በሬ ለሥጋ በርካሽ ተሸጠ። አያ ቢተው በመኸር አንድ ቅል ማር ላኩልኝ፤ ይቅርታ ይሁን ምርቃት አልጠየቅኳቸውም። ዳግመኛ ግን ስለ በሬ አማክረውኝ አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ በሬ የሚገዛ ሁሉ ሲወስደኝ ዋጋዬን አስቀድሜ እናገራለሁ። ሊያርስበት ለሚገዛ ድሃ ጎረቤት ግን በነፃ አያለሁ፤ ያ ውለታ ነው፣ ነገ ይመለሳል፣ ባይመለስም አይቆጭም። ሊያተርፍበት የሚወስደኝ ግን ወንድሜም ቢሆን ይከፍላል። አንዳንዶቹ ቅር አሉ። የከፈሉኝ ግን እስከዛሬ ጓደኞቼ ናቸው፤ የምንተፋፈርበት ነገር የለንማ።

አለኸኝ ዛሬ ቡሬ ፎቅ ሠርቷል። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ «ወንድሜ» እያለ ይስመኛል፤ እኔም ጉንጬን እሰጠዋለሁ፣ ሌላ ምንም አልሰጠውም። እሱን መናቅ ቀላል ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳላርፍ ንቄዋለሁ። የሚከብደኝ ሌላኛው ነው፤ ያን ቀን ቡሬ ገበያ ላይ ከጥቁሩ በሬ ኋላ አፉን ዘግቶ የቆመው ወጣት። ዋጋውን ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ያፈረ፣ ሰው ሲጎዳ ዝም ለማለት ግን አንዲት ደቂቃ እንኳ ያላፈረ።