ዑድ በሐዘን ቤት

ይህ ነገር አንድ ብልቃጥ ጥሩ የዑድ ሽቶ፣ የአንድ ወር ትርፍና የእናቴን ስም አስከፍሎኛል። የፊተኞቹን ሁለቱን ግዴለም፣ ነጋዴ ነኝ፣ እረሳቸዋለሁ።

እናቴ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው የምትኖረው። ጆሮዋ መስማት ካቆመ ቆይቷል። አዛን ሲል ትከሻዋን ነካ የሚያደርጋት አባቴ ነበር። እሱ ሲሞት ሶላት ያልፋት ጀመር። ሰዓት አታነብም፤ ምራቷን፣ ባለቤቴን፣ በየወቅቱ «ደረሰ ወይ?» እያሉ መጠየቅ ደግሞ ልመና ሆነባት። አንድ ቀን የአስር ሶላት አልፏት ስታለቅስ አገኘኋት።

እኔ እዚያው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር ሽቶ እሸጣለሁ። ከደንበኞቼ አንዱ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ኢንጂነር ነው። በተሞላለት ሰዓት መዓዛ የሚለቅ ሳጥን ይሠራል፤ ውስጡ ትንሽ ማሞቂያና ማራገቢያ አለው። «ለእናቴ በየሶላቱ ሰዓት የሚሸት ሥራልኝ» አልኩት፤ ወጪውን ቻልኩ፣ ለሙከራው ብዬ ዑድም ሰጠሁት። ግን አስጠነቀቅኩት፦ «እናቴ ዒዳ ላይ ናት። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ሽቶ አይነካትም። ለእሷ ጦስኝ ብቻ ነው የምትጨምረው።»

«ገባኝ ጋሼ» አለ። የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ዒዳን ባያውቅ አልፈርድበትም። ነግሬዋለሁ እኮ!

ሳጥኑን የሠራውም የሞከረውም ኮምቦልቻ ነው። በዚያ ሙቀት ጦስኙ ቤቱን ሞላው። ደሴ አምጥቶ እናቴ ክፍል ሲያስቀምጠው፣ በእኛ ብርድ፣ አፍንጫ ቢደፉበትም ምንም የለም። እኔ ዕቃ ላመጣ ወጥቻለሁ። ልጁ ማሞቂያውን እንደማጠንከር ዑዴን ጠብ አደረገበትና ወደ ኮምቦልቻው ወረደ። ዑድ ደግሞ ብርድ አያውቅም።

በዙህር፣ በቀትሩ ሶላት ሰዓት፣ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሴቶች በተቀመጡበት ሳጥኑ እፍ አለ። ባለቤቴ ነበረች፤ የነገረችኝም እሷ ናት።

«ያረቢ! ሙሽራ ቤት ነው እንዴ የመጣነው?» አለች አንዷ።

«የሽቶ ነጋዴ እናት አይደለች? ልጇ ለአዲሱ ባል እያሰናዳት ይሆናል!» አለች ሌላዋ።

እናቴ ጆሮ ባይኖራትም አፍንጫና ዓይን አላት። ሳጥኑን በሻሽ ጠቅልላ ግቢ ወረወረችው። ስገባ፣ ሰፈር በሚሰማው ድምፅ፣ «አባትህን ያላዘንኩለት መስሎህ ነው?» አለችኝ።

ሳጥኑን አንስቼ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ልጁ ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ።

«ተጠቃሚዋ እንዴት አገኙት ጋሼ? ከአምስት ስንት ይሰጡታል?»

«እናቴ ናት እንጂ ተጠቃሚ አይደለችም!»

«ይቅርታ ጋሼ። ሙከራ ስለሆነ ስህተት ይጠበቃል።»

«ታዲያ እናትህ ቤት አትሞክረውም ነበር? ጦስኙ አልሸት ሲል ስልክ የለህም? ወላሂ፣ በዱቤ ዕቃ ስትፈልግ ቁጥሬ አይጠፋብህም!»

አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ይቅርታውን ይዤ አልተመለስኩም፤ እሱን ይዤ ተመለስኩ። እናቴ ክፍል፣ ብርዱ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሳጥኑን አጥቦ፣ ማሞቂያውን ለውጦ፣ ጦስኙ እስኪሸት ጃኬቱን ሳያወልቅ ሠራ። እናቴ ፊቷን አዙራበት ነበር። መግሪብ ሲደርስ አሸተተች፣ ደግማ አሸተተች፣ እኔን አየችኝና ለሶላት ልትታጠብ፣ ለውዱ፣ ተነሳች።

ሴቶቹን በየቤታቸው ሄጄ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አስረዳሁ። «አብሽር፣ አይዞህ፣ እኛ ምን አልን?» አሉኝ። በነጋታው ያንኑ ወሬ ከዳቦ ቤት ሰማሁት።

ሶላቷ አያልፋትም። ስሟ አልተመለሰም።