ገጠር ይሻላል ወይስ ከተማ

ተማሪዎቼ «ለማን? በምን?» እያሉ ከኋላዬ እንደሚቀልዱብኝ አውቃለሁ። ይቀልዱ። የክርክር ክበባችንን ርዕስ የማጸድቀው እኔ ነኝ፤ ለማን፣ በምን የሚለውን የማይመልስ ርዕስ ካመጡልኝ ቀድጄ እጥለዋለሁ። እንዲህ ነዝናዛ የሆንኩት ግን ከአንዲት ቅዳሜ ወዲህ ነው።

ያኔ ስንፍናዬ ልክ አልነበረውም። የወላጆች በዓል ደርሶ ርዕስ ሲጠይቁኝ፣ ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ «የገጠር ኑሮ ይሻላል ወይስ የከተማ?» ብዬ ጽፌ ተገላገልኩ። አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ አይታው፣ «አይ አንተ! ለማን ነው የሚሻለው? በትምህርት ነው፣ በጤና ነው? እንዲህ ልቅ ካደረግከው ልጆቹ ያገኙትን ነው የሚወረውሩት» አለችኝ።

«ኧረ ተይኝ፣ እነሱ ይሙሉበት» አልኳት።

የከተማው ወገን በዕጣ የደረሳት ከዳባት በላይ ካለ ቀበሌ መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ነበረች። እንደ እሷ የሚናገር አልነበረንም። አባቷ በየአሥራ አምስት ቀኑ ስንቅ ያመጡላታል፤ ያን ቀንም የበሶ ከረጢታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ። ልጃቸው መድረክ ላይ ስትወጣ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

«እናቴ ምጥ ሲይዛት መንገድ አልነበረም» አለች። «ሲነጋ እንወስዳታለን ተባለ። አስፋልቱ ላይ ሳይደርሱ ቃሬዛ ላይ አረፈች። ከተማ ብንኖር ዛሬ እዚህ ተቀምጣ ትሰማኝ ነበር!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እጄን በቆረጠው፣ እኔም አጨበጨብኩ። ዘወር ስል አባቷ አቀርቅረዋል።

«ሲነጋ ያልሁት እኔ ነኝ» አሉኝ በቀስታ።

«አያ፣ የልቧ አይደለም እኮ፤ ወገኑ በዕጣ ነው የደረሳት።»

«የእናቷንስ ነገር ዕጣ ነው ያስነገራት?»

ቀጥለውም «ሸጋ ተናገረች፤ ይችን ስጡልኝ» ብለው ከረጢቱን ትተውልኝ ወጡ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ወለምታው ግን የእሷ አልነበረም፣ የእኔ ነው። «በየገጠር ቀበሌው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይከፈት» ብዬ ብጽፍ ኖሮ፣ ልጅቷ የእናቷን ሬሳ መድረክ ላይ ይዛ አትወጣም ነበር።

አባቷ የት እንደሄዱ ስትጠይቀኝ መኪና እንዳያመልጣቸው ሄዱ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስንቁ በሹፌር እጅ ይላክላት ጀመር። አዋላጅ ነርስ ሆና ስትመረቅ እንኳ አባቷ ጎንደር አልወረዱም።

አምና አረፉ። ለቅሶ ልደርሳት ወጣሁ። ጥቁር ለብሳ መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ እጄን ይዛ አልለቅ አለች።

«መምህር፣ ያን ቀን አጠገቡ እርስዎ ነበሩ። አባቴ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ጎንደርን ያልረገጠው ለምንድን ነው? ምን አድርጌው ነው?»

ከዚያ የጠራ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። ማን፣ መቼ፣ ለምን፣ ሁሉም አለበት።

«እንጃ ልጄ» አልኳት።