ያላጠፋሁት ኩኪስ

ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ የኮፒና የኢንተርኔት ቤት ነበረኝ። ቤት ማለቴ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን ያገኘነው የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ አብረውኝ የተደራጁት አንድ በአንድ ጥለውኝ ሲሄዱ ሙቀቱና ሁለቱ ኮምፒውተሮች ለእኔ ቀሩ። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ማራገቢያውን ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ኮምፒውተሮቹ አዞር ነበር። ሰው ላቡን ይጠርጋል፤ ኮምፒውተር ግን ከጋለ ቀጥ ይላል። ደንበኞቼ በዚህ ይቀየሙኝ ነበር፤ ይቀየሙ።

እኔን የሚያናድደኝ ከኢሜይሉ ሳይወጣ የሚነሳ ሰው ነው። አንድ መምህር እንዲሁ ከፍቶት ሄደና ከእሱ ቀጥላ የተቀመጠች ተማሪው የዝውውር ማመልከቻውን አንብባ ጨረሰችው። በማግስቱ መንገድ ላይ፣ ሰው መሃል፣ «ቲቸር፣ ደሴ ሊሄዱ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። እሷን ትቶ መጥቶ እኔ ላይ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ነው ለመጣ ለሄደው ሁሉ ስለ ኩኪስ ማስረዳት የጀመርኩት።

«ድረ ገጽ ስትከፍት ኮምፒውተሩ ላይ ትንሽ ምልክት ያስቀምጣል፤ ስትመለስ በዚያ ያውቅሃል» እል ነበር። «ደብረ ሲና ምሳ የምትበላበት ቤት ያለችው ሴትዮ ገና በር ላይ ስታይህ ሳትጠይቅ ሽሮህን እንደምታዝዝልህ በለው። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው፤ ፓስወርድህን በየጊዜው ከመጻፍ ያድንሃል። ግን እዚያው ገጽ ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፉ ሌሎች አሉ፤ እነሱም የራሳቸውን ምልክት ያስቀምጣሉ። ይሄ ደግሞ ሴትዮዋ ምን እንደበላህ እስከ አዲስ አበባ ላለው ምግብ ቤት ሁሉ ብትነግር ማለት ነው። አንድ ጊዜ የጎማ ዋጋ ካየህ፣ ስለ ኳስ ስታነብም ጎማ ይከተልሃል።»

መፍትሔውንም አብሬ እነግራለሁ። የራስ ባልሆነ ኮምፒውተር ላይ ገጹ ኢንኮግኒቶ በሚባለው የግል መስኮት ከተከፈተ፣ መስኮቱ ሲዘጋ ኩኪሱ አብሮ ይጠፋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የተጠራቀመውን ማጥፋት ይቻላል፤ የገጹ ባለቤት ያልሆኑትን የእነዚያን ማስታወቂያ ለጣፊዎች ኩኪስ ብቻ ለይቶ መከልከልም ይቻላል። አንዳንድ ገጽ እንዲያውም ራሱ፣ «ኩኪስ እንጠቀማለን፣ ይስማማሉ?» ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ሰው ሳያነብ እሺ ይላል። እምቢ ማለትም ይቻላል ስላቸው ነገረኛ ያደርጉኝ ነበር። እኔም ብሆን ሁልጊዜ አላጠፋም፤ ያጠፋሁ ቀን ግማሹ ደንበኛ ፓስወርዱን ረስቶ ቁጭ ይላል።

አባቴ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። መኪናው የእሱ አይደለም፤ የአንድ የሽንኩርት ነጋዴ ነው። እሁድ ሱቁ ዝግ ቢሆንም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለእሱ ብቻ እከፍትለታለሁ፤ ጥግ ያለው ኮምፒውተር ላይ የኳስ ዜናና የመኪና ፎቶ ሲያይ ይውላል። ያን ሰሞን ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪማረር ያስጮኸው ነበር። ስለ እራት ስንጠይቀው ስለ ናፍጣ ይመልሳል። «ባጃጆቹ ናቸው ያደነቆሩኝ» ይላል፤ እኛም እንስቅበታለን።

አንድ ሰኞ ጠዋት ያንን ኮምፒውተር ስከፍት ማስታወቂያው ሁሉ ጆሮ ሆኗል። የኳስ ዜና ብከፍት ጆሮ፣ የአየር ሁኔታ ብከፍት ጆሮ፤ ከኋላው ትንሽ መሣሪያ የተሰካበት የሽማግሌ ጆሮ። ቅዳሜ ስዘጋ አልነበረም፤ እሁድ ደግሞ እዚያ የተቀመጠው አባቴ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን ነጋዴው ትዝ አለኝና ደነገጥኩ።

ነጋዴው ሰኞ ሰኞ ደረሰኝ ሊያስጽፍ ይመጣል፤ እስኪደርስለት እዚያችው ጥግ ዜና ያነባል። ከጥቂት ሳምንት በፊት፣ «አባትሽ ስልክ ስደውልለት አያነሳም። አይሰማም እንዴ?» ብሎኝ፣ መንገድ ላይ ሆኖ ነው ብዬ አሳልፌዋለሁ። ለማይሰማ ሾፌር ማን መኪና ይሰጣል? አባቴ ደግሞ ከመሪ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ነጋዴው ሳይመጣ ኩኪሱን ጠራርጌ አጠፋሁት። በሳምንቱ ሰኞ ጆሮዎቹ ተመልሰው አገኘኋቸው። እንደገና አጠፋሁና የማስታወቂያዎቹን ኩኪስ ጭራሽ ከለከልኩ። እንጀራውን ያዳንኩለት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ አባቴ እንደ ልማዱ ጥጉ ላይ ተቀመጠ። ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲሄድ ቆየና መነጽሩን አወለቀ።

«ማነው የሚያጠፋው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«የጆሮውን ነዋ።»

«እኔ ነኝ። ሰውዬው እንዳያይብህ ብዬ ነው።»

አልሰማኝም። ጠጋ ብዬ ጮክ ብዬ ደገምኩለት።

«እኔ እኮ አንቺ እንድታዪው ነው የተውኩት» አለ። «መጀመሪያ ሐኪሙ ወረቀት ላይ የጻፈልኝን የመስሚያ መሣሪያ ስም ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ፈለግሁት። ከዚያ ኳሱ ላይም ሲከተለኝ፣ ለሰው የምታስረጂው ትዝ አለኝ። እንግዲህ ታየዋለች፣ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ጠፋ። ደግሜ ፈለግሁት፤ አሁንም ጠፋ። መስማት አልፈለገችም አልኩ።»

ከዚያ ስለ ጣርማ በር ነገረኝ። አንድ ቀን ቁልቁለቱን ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ፍሬኑ ይጨስ ነበር። ከኋላው ያለ ሾፌር ጥሩንባውን ቢነፋ ቢነፋ አልሰማም። ደብረ ሲና ላይ ቀድሞት መንገድ ዘግቶ አስቆመው፤ ሊመታውም ቃጥቶ ነበር።

«ታዲያ ለምን እስካሁን ትነዳለህ?»

«አፌ እምቢ አለኝ። ለነጋዴው ልነግረው ሄጄ ስለ ጎማ አውርቼ ተመለስኩ።»

ተናደድኩ፤ በእሱ ይሁን በራሴ አላውቅም። ያ ቁልቁለት ዓይኔ ላይ መጣና አለቀስኩ። እሱ መነጽሩን በነጠላው ይጠርግ ነበር። ዕንባዬን ጠርጌ ሴቲንግ ውስጥ ገባሁና የከለከልኩትን መልሼ ፈቀድኩ። የሐኪሙን ወረቀት ተቀብዬ ቃሉን ራሴ ጻፍኩት። ጥቂት ገጾች እንደከፈትን ጆሮዎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ።

«ነገ መኪና አታስነሳም፤ እዚህ ትመጣለህ» አልኩት።

«መጥቼ ምን ልል?»

«ምንም አትል።»

ሰኞ አባቴ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ነጋዴው ገባ፤ ዛሬ አልጫንክም እንዴ ብሎት መልሱን ሳይጠብቅ ጥጉ ላይ ተቀመጠ። እኔ ደረሰኙን እየጻፍኩ ጀርባውን አያለሁ። አንድ ገጽ ከፈተ፣ ሌላ ከፈተ።

«ይሄ ደግሞ የማን ጆሮ ነው?» አለ እየሳቀ።

ቀና ስል አባቴ አፌን አፌን ያየኛል።

«የአባቴ ነው» አልኩ፣ እሱም እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ።