ፍም የሚለምነው አጎቴ

ፍሙን የሰጠሁት እኔ መሆኔን ቢያውቅ ኖሮ አጎቴ ምን ይለኝ ነበር?

በደርግ ዘመን፣ በድርቁ ጊዜ፣ በከሚሴ ቤት ለቤት እየዞረ የእርዳታ እህል የሚሰጣቸውን ይመዘግብ ነበር። "ርቧችኋል?" ብሎ መጠየቅ ነውር ስለሚመስለው፣ የማያጨስ ሆኖ ሳለ በኦሮምኛ "አካም ጅርቱ?" ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ "ለሲጋራዬ ፍም ስጡኝ" ይላል። ምድጃው ቀዝቅዞ ካገኘው፣ የሚበስል የለም ማለት ነው ብሎ ይመዘግባል።

አንድ ቀን አሮጊት ጎረቤታችን አጎቴ ሲመጣ አይተው፣ "እንግዳ ፍም ለምኖኝ ባዶ እጁን ሊመለስ? ልጄ፣ ከቤታችሁ አምጪልኝ!" አሉኝ። ዘዴውን ባውቅም እምቢ ለማለት አፍሬ አመጣሁላቸው። አጎቴ ፍሙን አይቶ ሳይመዘግባቸው አለፈ። ብዙም ሳይቆዩ በረሃብ ሞቱ። እሱም "እሳት ነበራቸው እኮ" እያለ ኖረ።

አሁን በራችን ላይ ፍም የሚለምን የለም። አጎቴ ሞቶ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ፍሙን የሰጠሁት እኔ መሆኔን ለሚስቱ ነገርኳት።

"ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእሱ ነበር መንገር እንጂ!" ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።